የእምቢታ ሳጥን

ትሪየስቴ ላይ፣ ከቦዩ አጠገብ፣
ሥራዬ መስፋት ነው፣ ደግሞም ማጥበብ።
የሰው ወገብ ሲከሳ ሱሪውን አጠባለሁ፣
ሲወፍርም ስፌቱን ፈትቼ አሰፋለሁ።
ጥበብ ግን አልተማርኩም፤ ስምንተኛን ሳልዘልቅ
መርፌ ነው ያስተማረኝ፣ ክር ማስገባት፣ መጠንቀቅ።

አሠሪዬ ኒቬስ፣ ሰባ ሁለት ዓመቷ፣
መነጽሯ በገመድ የሚወርድ ካንገቷ፣
አንድ ማታ አለችኝ፦ «ይሄ ስልክ ገደለን፤
ማሽን መሥራት ይቻላል አሉ፣ መልስ የሚሰጥልን።
ኮድ የለም፣ ትምህርት የለም፣ ሳጥን መጎተት ነው፤
የልጅ ልጄ ነገረኝ። እስቲ አንቺ ሞክሪው።»

ሞከርኩት።

በተሰነጠቀ ታብሌት፣ ከሱሪ ክምር መሃል፣
ሳጥን በጣቴ ጎተትኩ፦ «ደንበኛ ሲጽፍ» ይላል፤
ሌላ ሳጥን ጎተትኩ፦ «ዋጋውን ንገረው»፤
መስመሩ እንደ ክር ሆኖ ሁለቱን አሰረው።
መርፌ የሌለው ስፌት! ደረቴ ተነፋ፣
እኔም እንደ ተማረ ሰው፣ ዓለሙ ለኔ ሰፋ።

ከታች አንድ ባዶ ሳጥን ቀረ፣
«ጠባዩ ምን ይሁን?» የሚል ነበረ።
ጣሊያንኛዬ ጎርባጣ ነው፣ ግሡ ይምታታብኛል፤
ማሽኑ ግን አልናቀኝም፣ «ገብቶኛል» ብሎኛል።
እናም ያደግኩበትን አንድ ባንድ ጻፍኩለት፦
«ትሑት ሁን። አትቆጣ። ሽማግሌ ከመጣ ብድግ በልለት።
ደግሞም የለመነህን ሰው እምቢ አትበል።»
ይኸው ነው። እኔ ተኛሁ፤ እሱ ሲያገለግል።
ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው፤ ስሙ ግን «ወኪል»፤ ያለ ፊርማ፣
ሙሉ ውክልና ሰጠሁት፣ ዳኛም ሳይሰማ።

ቦራ የሚሉት ነፋስ፣ ጃንጥላ የሚሰብር፣
ሐሙስ ዕለት ገብቶ መስኮቱን ሲያሸብር፣
በር ብከፍት ቆመዋል አሥራ አንድ ሰዎች፣
በክንዳቸው ኮቶች፣ የሠርግ ቀሚሶች።
«ለዛሬ ይደርሳል ብሎናል ወኪልሽ።»
«ለኔም ብሎኛል።» «ለኔም፤ ይኸው መልእክትሽ።»
አዛውንቱ ኦታቪዮ፣ የጀልባ ሸራ ተሸክሞ፣
ስንት ሜትር ይሁን እንጃ፣ ደጁን ዘግቶ ቆሞ፣
«ይቻላል ነው ያለኝ፤ ‹ብድግ ብያለሁ› ሲልም
ጻፈልኝ» አለ ተገርሞ።

ኒቬስ ሳቀች። ሳቋ ሳል ሆነ። ሳሏ ሲበርድላት
መነጽሯን አውልቃ አየችኝ፤ እንጃ ምን እንደታያት፦
«ማሽኑ ምን አጠፋ? ቁርጥ አንቺን ይመስላል።
ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ‹እሺ› ያልሽው ስንት ይሆናል?»

ዝም አልኩ።
እውነቷን ነው። ቅዳሜዬ የኒቬስ፣ እሑዴ የዘመድ፣
እኔ ሁሉም የሚያልፍብኝ መንገድ።
የሰው ልብስ ሳሰፋ የኔ ቀን ጠበበ፤
ይሄን ማን አሰበ?

አሥሩን ሌሊቱን ሰፋን፤ ሸራው ግን ቀረ፤
ኦታቪዮ ራሱ በወፍራም መርፌ ሲወጋው አደረ።
ሲነጋ ታብሌቱን ከፈትኩ። አዲስ ሳጥን ጎተትኩ።
ባዶ ነው። ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ስትል አፈጠጥኩ።
በነሱ ቋንቋ «አይሆንም» ሁለት ፊደል ብቻ፤
እንዴት ይጻፋል ያለ ይቅርታ፣ እንዲህ ለብቻ?
«ካልከበደዎት...» ብዬ ጀመርኩ፤ ሰረዝኩ።
«በቀን ከሦስት ልብስ ካለፈ፣ አይሆንም በል።
አንድ ጊዜ በል። ምክንያት አትደርድር» ብዬ ጨረስኩ።

እሑድ ማታ ካልጋዬ ጻፍኩለት፣ ስሜን ቀይሬ፦
«ልጄ ነገ ትመረቃለች፤ ቀሚሷን አጥብቡልኝ፣ ዛሬውኑ፣ ዛሬ።
ስለ እግዜር። ተለመነኝ። እከፍላለሁ እጥፍ።»
ሦስት ነጥብ ዘለሉ፤ አየሁት ሲጽፍ።

«አይሆንም። ማክሰኞ ይምጡ።»

ከፋኝ፤ እውነቴን ነው፣ ጉንጬ በእፍረት ጋለ።
ደረቅ! ለናት እንኳ የማያዝን! ማን እንዲህ በል አለ?
ከዚያ ገባኝ፣ ቀስ እያለ፤
በሠላሳ ዘጠኝ ዓመቴ ይሄ የመጀመሪያው ነው፣
ስለኔ ብሎ እምቢ ያለ፤ እሱም ሰው ያልሆነው።

ሰኞ ኒቬስ መጣች፤ «የፊታችን ቅዳሜ...» አለችኝ።
መርፌዎች ነክሼ ነበር። አንድ ባንድ አወጣሁ።
«ኒቬስ» አልኩ፣ «ስሚኝ።»